ወንዶችን ስለ ጥቃት ማወያየት፦ ከአዳራሹ ጭብጨባ በኋላ

ጥያቄ፦ «በሥራ ቦታችንና በአካባቢያችን ያሉ ወንዶችን በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት በመከላከል ሥራ ለማሳተፍ ተነስተናል። ሁለት ጊዜ ትልቅ ስብሰባ ጠርተን ነበር። ሰው ሞልቶ መጣ፣ ንግግር ሰማ፣ ቃል ገባ፣ አጨበጨበ፣ ተበተነ። የተለወጠ ነገር ግን አላየንም። አሁን አነስ ያለ የውይይት ቡድን ልናቋቁም ነው። ስንት ሰው፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በማን መሪነት? ሚስቶቻቸው ይወቁ ወይስ አይወቁ? ለጨረሱትስ የምስክር ወረቀት እንስጥ?»

ምላሽ፦

ስብሰባው ውጤት ያላመጣው አዘጋጆቹ ስላልደከሙ አይደለም። አዳራሽ ውስጥ «ሴትን መምታት ነውር ነው» ሲባል ወንዱ የሚያጨበጭበው ነገሩ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ስለሚመስለው ነው። በሐሳቡ ያለው ጥቃት አድራሽ ጠጥቶ የሚገባው፣ ጩኸቱ ከግድግዳ የሚያልፈው ጎረቤት ነው። እሱ ግን ባለፈው ሳምንት የሚስቱን ስልክ ወስዶ መልእክቶቿን ሲበረብር አምሽቷል፤ ደመወዟ ገና ሳይከፈል ምን ላይ እንደሚውል ወስኗል፤ እህቷን ልትጠይቅ ስትነሳ አኩርፎ አስቀርቷታል። ከእነዚህ አንዱንም ጥቃት ብሎ አይጠራውም። የአንድ ሰዓት ንግግር እዚህ ድረስ አይዘልቅም።

ቃል ማስገባት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ወንዶች በሴቶች ላይ ጥቃት ላለመፈጸምና አይተው ዝም ላለማለት ቃል ገብተው ነጭ ሪባን የሚያደርጉበትን የነጭ ሪባን ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1991 ካናዳ ውስጥ የጀመሩት ወንዶች ናቸው፤ መነሻቸውም ከሁለት ዓመት በፊት ሞንትሪያል በሚገኝ የምህንድስና ትምህርት ቤት አንድ ታጣቂ 14 ሴቶችን መግደሉ ነበር። ሪባኑን ደረት ላይ መሰካት ለመጀመሪያው ወሬ ምክንያት ይሆናል። ብዙዎቹ ዘመቻዎች ግን ከዚያ ወሬ አያልፉም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ከሁሉ በፊት በአንድ ነገር ላይ ተስማሙ፦ ሥራው ፍሬ አፍርቷል ወይስ አላፈራም የሚለውን የሚናገሩት ሴቶቹ ናቸው። ይህን የምለው ለጨዋነት ሳይሆን ለመረጃው ትክክለኛነት ነው። በምሥራቅ ኮንጎ 16 ሳምንት የፈጀ የወንዶች የውይይት መርሐ ግብር በጥናት ሲፈተሽ (ውጤቱ በ2020 ታትሟል) ወንዶቹ ጥቃት የመፈጸም ሐሳባቸው እንደቀነሰ፣ በቤት ሥራም ማገዝ እንደጀመሩ ተናገሩ። ሚስቶቻቸው ሲጠየቁ ግን የሚደርስባቸው ጥቃት መርሐ ግብሩ ካልደረሰባቸው አካባቢዎች ተለይቶ የሚታይ ቅናሽ አልነበረውም። ወንዶቹን ብቻ ጠይቃችሁ ቢሆን ኖሮ «ተሳክቷል» ብላችሁ ሪፖርት ትጽፉ ነበር።

በተቃራኒው ሩዋንዳ ውስጥ «ባንደቤሬሆ» የተባለው መርሐ ግብር ወጣት አባቶችን 15 ጊዜ አወያየ፤ የትዳር አጋሮቻቸውም በ8ቱ ላይ እንዲገኙ ተጋበዙ። ከ21 ወራት በኋላ ሴቶቹ ራሳቸው አካላዊውም ወሲባዊውም ጥቃት በግልጽ መቀነሱን ተናገሩ (2018)። ካምፓላ ውስጥ በ8 ሰፈሮች የተፈተነው «ሳሳ!» የተባለው መርሐ ግብር ደግሞ ወንዶችን ለብቻ ነጥሎ አልያዘም፤ ሴቶችን፣ ወንዶችን፣ የአካባቢ መሪዎችን፣ ፖሊስንና የጤና ባለሙያን ለዓመታት አብሮ ይዞ ሠራ። በ2014 በታተመው ውጤት ሥራው በተካሄደባቸው ሰፈሮች ባለፈው አንድ ዓመት አካላዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች መጠን ከሌሎቹ በ52 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። የሰፈሮቹ ቁጥር ጥቂት በመሆኑ የግምቱ የስህተት ወሰን ሰፊ ነው፤ ቁጥሩን ስትጠቅሱ ይህንንም አብራችሁ ጥቀሱ። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ጊዜ መውሰዳቸው፣ ሴቶቹን የሥራው አካል ማድረጋቸውና አመለካከት ላይ ሳይቆሙ ሰው ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ማለማመዳቸው ነው።

አንድም ወንድ ሳትጋብዙ ሁለት ነገር አዘጋጁ። የመጀመሪያው የድጋፍ ሰጪዎች ዝርዝር ነው። ውይይት ሲጀመር የሚደበቀው ነገር ይወጣል፤ የአንዱ እህት፣ የሌላው ሚስት እርዳታ መፈለጓ አይቀርም። የሕክምና፣ የሕግ፣ የሥነ ልቦና ድጋፍና የመጠለያ አገልግሎት የሚሰጡትን በስልክ ቁጥራቸው ጻፉ፤ ከዚያ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ደውሉባቸው። ማን ያነሳል? ማታስ? ልጅ ይዛ የመጣችን ሴት ይቀበላሉ? ክፍያ አለው? ተደፍራ የመጣች ሴት ኤችአይቪ መከላከያውን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለባት የማይነሳ ስልክ ከባዶ ወረቀት የባሰ ነው። ዝርዝሩን በየሦስት ወሩ እንደገና ደውላችሁ አረጋግጡት።

ሁለተኛው ሥራውን የሚከታተል የሴቶች ቡድን ነው። ከ5 እስከ 7 ሴቶች ይበቃሉ፤ ቢቻል ከመካከላቸው በጥቃት ሰለባዎች ድጋፍ ላይ የሠራች ትኑርበት። የውይይቱን ይዘት ቀድመው ያያሉ፣ ለአወያይነት የታጩትን ወንዶች ይመዝናሉ፣ በየሦስት ወይም አራት ክፍለ ጊዜው ተገናኝተው የሚሰሙትን ይናገራሉ። ሥልጣናቸው እውነተኛ ይሁን፦ «ይህ አወያይ ይነሳ» ወይም «ሥራው ለጊዜው ይቁም» ካሉ ይፈጸም። ምክራቸው እየተጻፈ የሚቀመጥበት ኮሚቴ ከሆነ አታቋቁሙት። የወንዶቹ ሥራ በጀትም ከሴቶች መጠለያና ድጋፍ ተቀንሶ አይምጣ።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። አንድ ቡድን ከ12 እስከ 15 ሰው ይሁን። ከ8 በታች ሲሆን አንድ ሰው የቀረ ቀን ውይይቱ ይሞታል፤ ከ18 በላይ ሲሆን አራቱ እየተናገሩ ሌላው ታዳሚ ይሆናል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁለት ሰዓት፣ ቢያንስ ከ12 እስከ 16 ሳምንት። በአንድ ቅዳሜና እሁድ ጨምቆ መጨረስ አይሠራም፤ በሁለት ክፍለ ጊዜዎች መካከል ያለው ሳምንት ሰውየው ቤቱ ገብቶ የሚሞክርበት ጊዜ ነውና ከክፍለ ጊዜው እኩል ዋጋ አለው። ሰዓቱን ስትመርጡ ደግሞ ልጆች እራት የሚበሉበትንና የሚተኙበትን ሰዓት ዝለሉ። አለዚያ ቡድናችሁ ወንዱ ከቤት ለመውጣት ያገኘው አዲስ ሰበብ ይሆናል፣ ያውም የተከበረ ሰበብ።

ዕድሜና ሥልጣንም ይታሰብበት። አለቃና የበታች ሠራተኛ፣ አባትና ልጅ፣ አማችና አማች በአንድ ቡድን አይቀመጡ። ጥሪው «ጥቃት ለመከላከል» ተብሎ ከወጣ ቀድሞ የሚመጣው ያመነበት ሰው ብቻ ነው። «አባትነት»፣ «የቤት ኑሮና ውሳኔ» በሚል መግባት ብዙ ሰው ያመጣል። ግን አታታልሉ፤ በመጀመሪያው ቀን «እዚህ ስለ ጥቃትም እንነጋገራለን፣ የራሳችንንም ጭምር» በሉ። ሁለት ሦስት ሰው ሊቀር ይችላል፤ ይቅር።

አወያዮቹ ሁለት ይሁኑ። ወንድና ሴት ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ ወንዶቹ ሴት ስትመራቸው የሚያደርጉት ነገር (ማቋረጥ፣ ጥያቄውን ለወንዱ አወያይ መመለስ፣ «እህታችን» እያሉ ማለዘብ) ራሱ የውይይት ርዕስ ነው። ወንዱ አወያይ በንግግር ከጎበዘው ይልቅ ማዳመጥ የሚችለው ይሁን። ቢያንስ አምስት ቀን ሥልጠና፣ ከዚያም የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍለ ጊዜዎች ልምድ ያለው ሰው ተቀምጦ እየታዘበው ይጀምር። ክፍያው ለሁለቱም እኩል ይሁን። ወንድ ስለ ሴቶች መብት ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲናገር የሚያገኘው ምስጋና ሴቷ ለዓመታት ተናግራ ያላገኘችው ነው፤ መድረክም፣ ቃለ መጠይቅም፣ ጉዞም ወደ እሱ ይሄዳል። ይህን አስቀድማችሁ በመተዳደሪያ ደንብ ዝጉት።

የይዘቱ ቅደም ተከተል ጥቃትን መጀመሪያ ላይ አያስቀምጥም። የቡድኑን ስምምነት ጨርሳችሁ ወንድ መሆንን ከማን፣ እንዴት እንደተማሩ፣ ምን እንዳሳጣቸው ጀምሩ። ከዚያ ሥልጣን፦ ማን በማን ላይ አለው፣ እነሱስ የበላይ ያላቸው መቼ ነው። ከዚያ የቤት ሥራና ጊዜ፣ ገንዘብና ውሳኔ። ከአምስተኛው ወይም ስድስተኛው ሳምንት ወዲህ ቁጥጥር፣ አካላዊ ጥቃት፣ በትዳር ውስጥ ያለ ፈቃድ ሩካቤ። መጠጥ ለብቻው አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጠው፤ መጠጥ ጥቃቱን ያባብሳል፣ ያከብዳል፣ ግን ጠጥተው የማይመቱ፣ ሳይጠጡም የሚመቱ ብዙ ናቸውና «መጠጡ ነው» የሚለው መሸሸጊያ እንዳይሆን። በመጨረሻ አለመግባባትን ያለ ጉልበት መያዝና ከጓደኛ ጋር መነጋገር።

አንዱን ክፍለ ጊዜ በዝርዝር ላሳያችሁ፣ የሃያ አራት ሰዓቱን። ለእያንዳንዱ ወንድ 24 ሣጥን የተሠመረበት ወረቀት ስጡ። የትናንቱን ቀን በአራት ቀለም ይሙላ፦ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ፣ የቤት ሥራና ልጅ መንከባከብ፣ ዕረፍት፣ እንቅልፍ። «በአብዛኛው» ወይም «እንደተለመደው» የሚል አይፈቀድም፤ ትናንት ብቻ። ሲጨርስ በሁለተኛ ወረቀት ላይ አብራው የምትኖረው ሴት ትናንት የዋለችውን ቀን ይሙላ። እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ብዙው እሱ ከነቃበት በፊትና ከተኛ በኋላ ምን እንደምትሠራ አያውቅም። አወያዩ በዚህ ጊዜ አይርዳቸው፣ አይሳቅባቸውም፤ ያልታወቀው ሣጥን ባዶ ይቀመጥ። አብረዋቸው የሚኖሩት ሴቶች ለብቻቸው ተሰብስበው ያንኑ ወረቀት ስለ ራሳቸው ይሞላሉ። ሁለቱ ሲነጻጸሩ የባልና ሚስት ወረቀት ፈጽሞ ጎን ለጎን አይቀመጥ። የሁሉም ሴቶች ወረቀት ያለ ስም ተደምሮ፣ በአማካይ ስንት ሣጥን የቤት ሥራ፣ ስንት ሣጥን ዕረፍት የሚለው ብቻ በሰሌዳ ላይ ይውጣ። አንዷ የጻፈችው ለይቶ ከታወቀ ማታ ቤት ውስጥ የምትጠየቅበት እሷ ናት።

ይህ ልምምድ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። ወንዶቹ «እሷ እንድትተኛ ነው እኔ የምሠራው» ወደሚል የገቢ ክርክር ይወስዱታል፤ ያኔ ገቢ ያላቸውን ሴቶች አማካይ ያለ ስም አሳዩ፣ የቤት ሥራቸው ብዙ ጊዜ አልቀነሰም። ወይም አወያዩ «እንግዲህ እናግዛቸው» ብሎ ይዘጋዋል። «ማገዝ» ባለቤትነቱን እዚያው እሷ ላይ ይተወዋል። የሳምንቱ ተግባር የተለየ ይሁን፦ አንድ ሥራ መርጦ ሳይጠየቅና ሳያስታውሱት ሰባት ቀን መሥራት፣ ለማንም ሳያወራ። የሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያው ጥያቄም «ስንት ቀን ዘለልክ?» ነው።

ከሁሉ በላይ አወያይን የሚያስደነግጠው «ትነካካኛለች፤ ስናደድ ራሴን አላውቅም» የሚለው ንግግር ነው። አትከራከሩ፣ ጠይቁ። አለቃህ ሰው ፊት ሰድቦህ ያውቃል? መታኸው? ትራፊክ ፖሊስስ? ለምን አልመታኸውም? መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሚያስከትለውን ያውቃል። እንግዲያው ራሱን አላጣም፣ ቆጥሮ ነው። ዕቃ ሰበርኩ የሚለውን ደግሞ የማን ዕቃ እንደነበር ጠይቁት። ለዚህ ነው የንዴት መቆጣጠሪያ ሥልጠና ለብቻው የማይበቃው፦ ንዴቱን የሚቆጣጠርበት ቦታ ሞልቷል፣ አንድ ቤት ሲቀር። «ሴቶችም ይማታሉ» ለሚለው አጭር መልስ ይበቃል፤ አዎ፣ ይኖራሉ፤ ዛሬ የምንነጋገረው ግን እዚህ ስለተቀመጥነው ነው። አንድ ሰዓት ከፈጀባችሁ ያነሳው ሰው የፈለገውን አግኝቷል። ቀልድና ሳቅ ሲነሳ ደግሞ ውይይቱን አቁማችሁ ምኑ እንዳሳቀ አስረዱን በሉ። ሲብራራ የሚያስቅ የሴት ቀልድ ጥቂት ነው።

አንድ ሰው «እኔም መትቻታለሁ» ያለ ቀን ምን ይደረጋል? አታጨብጭቡለት። ድፍረቱን ካወደሳችሁት ለቀጣዩ ሰው መናዘዝ የክብር መንገድ ይሆናል። ዝርዝሩንም በቡድኑ ፊት አታስወጡ። «ይህን መናገርህን ሰምተናል፣ ኃላፊነቱ ያንተ ነው፣ ከክፍለ ጊዜው በኋላ እንነጋገር» ይበቃል። ከዚያ ለብቻ፦ መቼ ነበር፣ ይቀጥላል ወይ፣ ልጆች አሉ ወይ። ሚስቱ ዘንድ ሄዶ «እንዲህ ብሏል» ማለት፣ መገሠጽ ወይም ለማስታረቅ መቀመጥ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ማታ ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ናት። ጉዳዩ በሴቶቹ ቡድን በኩል ወደ ድጋፍ ሰጪዎች ይተላለፍ። ምስጢር መጠበቁ ገደብ እንዳለው በመጀመሪያው ቀን ተናግራችሁ አስፈርሙ፦ የመግደል ዛቻ፣ መሣሪያ፣ በልጅ ላይ የሚደርስ ጉዳት ከምስጢር ውጭ ነው። አንገት ማነቅ፣ በመሣሪያ ማስፈራራት፣ ከተለያዩ በኋላ መከታተል፣ ነፍሰ ጡር መምታት ስትሰሙ ቀጣዩን ስብሰባ አትጠብቁ፤ በተለይ ማነቅ ምልክት ባይተውም በኋላ ለሚመጣ ግድያ ከታወቁት ዋና ዋና ማስጠንቀቂያዎች አንዱ ነው። በፍርድ ቤት የተላኩ ወይም ጥቃታቸው የታወቀ ሰዎች ደግሞ ከፖሊስና ከፍርድ ቤት ጋር የተሳሰረ፣ ብዙ ወራት የሚፈጅ የተለየ ክትትል ያስፈልጋቸዋል፤ በእናንተ ቡድን አትቀላቅሏቸው።

ሚስቶቻቸው ይወቁ ወይ? አዎ፣ ግን በባሎቻቸው በኩል አይደለም። አንዲት ሴት ባለሙያ እያንዳንዷን ለብቻዋ ታነጋግር፤ ፈቃደኛ ካልሆነች ምክንያቷ ሳይጠየቅ ይቀርና ለእሱም አይነገረውም። የሚነገራት አራት ነገር ነው፦ ቡድኑ ምን እንደሚያደርግ፤ መሳተፉ ለመለወጡ ዋስትና እንዳልሆነ፤ «እየተማርኩ ነውና ተመለሽ» ወይም «ክስሽን አንሺ» ቢላት ያንን የማመን ግዴታ እንደሌለባት፤ እንዲሁም የምትደውልበት ቁጥር። ቁጥሩን በቃሏ ትያዘው እንጂ በራሪ ወረቀት ቤት ይዛ አትግባ። የባልና ሚስት የጋራ ክፍለ ጊዜ ወንዶቹ ለብቻቸው ቢያንስ ስድስት ክፍለ ጊዜ ከተወያዩ በኋላ ይምጣ፤ ጥቃት እየተፈጸመ ባለበት ቤት ግን አይደረግም። በእሱ ፊት እውነቱን የተናገረች ሴት ወደ ቤት የምትመለሰው ከእሱ ጋር ነው።

ጓደኛን መናገር ብዙ ወንድ ከጥቃቱ በላይ የሚፈራው ነገር ነው፤ ስለዚህ አንደበቱን አለማምዱት። ሁለት ሁለት ሆነው ዓረፍተ ነገሩን ድምፅ አውጥተው ይበሉት፦ «ይሄ አላሳቀኝም»፤ «ስለ እሷ እንዲህ ስታወራ አልወደድኩትም»፤ «ትናንት የሰማሁት ነገር አሳስቦኛል፣ ምን ሆነህ ነው?» በቡድን መልእክት መለዋወጫ ላይ የሴት ፎቶ ሲዘዋወር ዝም ብሎ ከቡድኑ መውጣት ማንንም አያስቆምም፤ አንድ መስመር ጽፎ መቆየት ያስቆማል። በዓይን የሚታይ ጥቃት ሲያጋጥም ግን ጀግንነት አይጨመርበት። አድራሹን ሰው ፊት ማዋረድ ቤት ሲገቡ በእሷ ላይ ይመነዘራል። ሰዓት መጠየቅ፣ በር ማንኳኳት፣ ሌላ ሰው መጥራት፣ እሷን በኋላ ለብቻዋ «ደህና ነሽ? ምን ላድርግልሽ?» ማለት ይሻላል።

ለውጡን ስትለኩ «ሴትን መምታት ተገቢ ነው ብለህ ታምናለህ?» የሚል መጠይቅ ብቻ አትያዙ፤ በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ትክክለኛውን መልስ ያውቃል። ጥያቄው ድርጊት ይጥራ፦ ባለፉት 12 ወራት በጥፊ፣ በግፊያ፣ በዕቃ፣ ገንዘብ በመከልከል፣ ስልክ በመንጠቅ። «ጥቃት» የሚለው ቃል መጠይቁ ውስጥ አይግባ። ወንድና ሴትን ከአንድ ቤት አትጠይቁ፤ ሴቶችን ሴት ብቻ፣ ለብቻቸው። ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ ከ12 ወር በኋላ። በመሐል ወደ ድጋፍ ሰጪዎች የሚመጡ ሴቶች ቁጥር ከፍ ካለ ቶሎ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ተደብቆ የነበረው መናገር መጀመሩ ነው፣ ሆኖም የሴቶቹን ቡድን ጠይቃችሁ አረጋግጡ። አቅማችሁ ለጥናት የማይበቃ ከሆነ የሴቶቹን ቡድን በየወሩ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ምን ቀነሰ? ምን ተባባሰ? መልኩን የቀየረ ነገር አለ? ሦስተኛው ወሳኝ ነው፤ መምታት ትቶ ገንዘብና ስልክ መቆጣጠር የጀመረ ሰው በመጠይቃችሁ ላይ እንደተለወጠ ይቆጠራል።

የምስክር ወረቀቱን አትስጡ። የልጅ አሳዳጊነት ወይም የፍቺ ክርክር ላይ «ሥልጠና የወሰደ ሰው ነኝ» ብሎ ለዳኛ የሚያቀርበው ሰው ይኖራል፤ ወረቀቱ ደግሞ በማኅተማችሁ የወጣ ነው። የግድ ከተባለ ስሙ፣ የተገኘባቸው ቀናት ብዛትና «ይህ ስለ ጠባዩም ሆነ በቤቱ ስላለው ደህንነት ማረጋገጫ አይደለም» የሚል አንድ መስመር ብቻ ይኑርበት፤ ያንን መስመር ካያችሁ በኋላ ብዙዎቹ አይጠይቋችሁም።